የሥራ ልምድ

ቅጹ አንድ መስመር ነው ለሥራ ልምድ ያለው፣
ከስንዝሬ ያነሰ፣ መዳፌ እሚከድነው።
«አባባ፣ ባጭሩ፣ እዚች ጋ ይሙሉ፣
ከኋላዎ ደግሞ ሃያ ሰዎች አሉ።»
ልጅቱስ ደግ ናት፣ ብዕሯን አዋሰችኝ፣
ወንበሯን ለቃልኝ ስባ አስቀመጠችኝ።
ኮምቦልቻ ሞቃለች። በፋብሪካው አጥር
ቦርከና ይሸታል፣ በጠራራ ቀትር።

ስም፦ ሙሔ አራጋው። የትውልድ ቦታ፦ ሐይቅ።
ዕድሜ፦ አምሳ ስምንት። ይኼስ አያስጨንቅ።
ግን ልምድ ካለው ላይ ስደርስ ቆመ እጄ፤
ቃታ የለመደ ጣት ብዕር ይፈራል፣ ወዳጄ።

ከምሽግ ልጀምር? አራት ዓመት ተኩል።
ሲያዩት ትንሽ ጉድጓድ፣ ሲኖሩት የወረዳ ያህል።
ማታ ለዘብ ስወጣ ቁጥቋጦው ሁሉ ሰው ነው፤
ሲነጋ ቁጥቋጦ ነው። መሐል ያለውን ሰዓት ማን ይጽፈው?
እዚያ የተማርኩት ተኩስ አይደለም ዋናው፤
ተኩስ በሳምንት ያልቃል፣ አለመተኮስ ነው ዓመት የፈጀው ፈተናው።

አብሮኝ ጦይብ ነበር፣ የመርሳው ጦይብ፣ ቀጭኑ፣
ውሃ ሲያካፍለኝ መለኪያው የኮዳ ክዳኑ።
አንድ ክዳን ለኔ፣ ለርሱ ከክዳን ጎደል፤
«ረክቻለሁ» ይላል፣ በዚያ ሐሩር ሰው ይረካ ይመስል።
ከቀኝ ጎኑ ፍንጣሪ ገብታ ቀረች፤
እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ በሸሚዜ እጅጌ። እሷ ግን አልወጣች።

ከዚያ ፖሊስነት። አሥራ ስምንት ዓመት፣ ሐይቅ፣ ያገሬው ጣቢያ፣
ግማሽ ቀን ጉም የሚበላው የሰንደቅ መስቀያ።
የፖሊስ ሥራ፣ ሰው እንደሚለው፣ ሌባ ማሯሯጥ አይደለም፤
መጻፍ ነው። ለተበላ በቆሎ፣ ለተገፋ ወሰን፣ ጣት ሙሉ የካርቦን ቀለም።
ያጎቴን ልጅ ከስሻለሁ። ያበደረኝን ሰው ፈትሻለሁ።
ሰርግ ቤት ስገባ ጨዋታ ሲቆም፣ እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

አንድ ሐሙስ ሌሊት የመብራት ሽቦ የቆረጠ ሰው ይዘው መጡ፤
ፊቱ ጭቃ ነው። ያመጡት ሰዎች ገና ከቁጣ አልወጡ።
«ስም?» አልኩት፣ ካርቦኑን ሳስተካክል፣ ቀና ሳልል።
«አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ። ድምፁ እንደ ያኔው፣ ረክቻለሁ እንደሚል።

ካቴና ያጠለቅሁለት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይሠር ማለት እችል ነበር።
አላልኩም። ጠበቅ አላደረግሁትም፤ ይቺ ግን መዝገብ ላይ የለችም፣ ትቅር።
«ሕግ ነው» አልኩ ለራሴ። ሕግ ነበር። ዛሬም ሕግ ነው።
ታዲያ ለምንድን ነው ኮዳ ስከፍት ክዳኑ ጣቴን የሚፈጀው?

«ቅጹ ይቆይ» አለች ልጅቱ፤ «ፍተሻ ያሳዩን፣ በተግባር።
ከሰልፉ ያ ቀጭን ሰውዬ ይምጣ፤ እጅዎን ዘርግተው ይቁሙ፣ ከበር።»
ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ሽበታም ወጣ፤
ሳያየኝ እጁን ዘረጋ፣ እንደ ለመደው፣ ሳይቆጣ።
ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ። መዳፌ ሥራውን ያውቃል፣ አያመነታም፤
ቀኝ ጎን ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሂድ ብለው አይሰማም።
ከቆዳው ሥር፣ የበቆሎ ፍሬ ታህላለች፣ ጠጣር።
«አልወጣችም» አለኝ፣ ለኔ ብቻ፣ በከንፈር።

«ምን አገኙ?»
            «ምንም።»
በሥራ ልምዴ የመጀመሪያው የሐሰት ቃል ነው፤ አልጸጸትም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ተኩል» ብዬ ቅጹን ሞላሁ፤
የሚገርመው፣ ከዚያች መስመር ላይ ቦታ ተርፎ አየሁ።

ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ፣ የላስቲክ ውሃ ገዝቼ ጠበቅሁት፤
ክዳኗ ትንሽ ናት፤ እስካፏ ሞልቼ ዘረጋሁለት።
ጦይብ ክዳኗን አየ፣ ከዚያ እጄን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።
«ረክቻለሁ» አለ።
ቀትሩ ገና ነው፤ የግንቡም ጥላ አጥሯል።